ምስሉ ሳሎን፣ ድምፁ መኝታ ቤት

«እኔው ራሴ!» የሚል ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ግሽ አባይ ሰፈር ጋሽ ሙሉጌታ ገጥመውኛል። የልጃቸው ሰርግ ላመለጣቸው እናታቸው ቪዲዮውን በቴሌቪዥን ሊያሳዩ ቆረጡ፤ እናት ለዚሁ ሲሉ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጥተዋል። ጋሽ ሙሉጌታ መኝታ ቤት ካለው ኮምፒውተር እስከ ሳሎን ረጅም ገመድ ዘረጉ። ሙሽሮቹ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አሉ፤ ድምፃቸው ግን እዚያው መኝታ ቤት ቀረ።

«ላስተካክለው?» አልሁ።

«ተው! እኔው ራሴ!» ብለው ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጠጡ።

እናት ሳሎን ሆነው «ሙሽሪት ምን አለች?» ሲሉ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከውስጥ የሰማሁትን ድምፄ እስኪዘጋ እየጮህሁ አቀብላለሁ። የሽማግሌዎቹን ምርቃት ሳደርስማ «አሜን» ያሉት ወደ እኔ ዞረው ነው!

በማግስቱ ጋሽ ሙሉጌታ መንገድ ላይ አገኙኝ። «አየህ? ያለማንም እርዳታ አሳየኋቸው!» አሉኝ።

ልመልስላቸው ብልስ ድምፅ ከየት ይምጣ?