ማስተርስ ይዞ አንደኛ ዓመት

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ ጎዳና ወረድ ብሎ፣ የንጋቱ ሱቅ አለ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሐበሻ ቀሚስ እና ስለማንኛውም ጉዳይ አስተያየት ይገኝበታል። በርበሬው ዋጋ አለው፤ አስተያየቱ ነጻ ነው፣ ባትጠይቅም ይሰጥሃል።

ከኡበር የተረፈውን ተሳፋሪ እየለቀመ የሚኖረው የሊሞ መኪና ሾፌር ስዩም ዛሬ ወደዚህ ሱቅ የመጣው ተልኮ ነው። የላከው የንጋቱ ልጅ አሮን ነው። አሮን በሚያዝያ «ሜዲካል ስኩል ተቀበለኝ» ሲል፣ አባቱ ቀሪውን ሳይሰማ ለዘመድ ለመደወል ስልኩን አነሣ። ቀሪው «ለአንድ ዓመት የጤና ሳይንስ ማስተርስ» የሚል ነበር። ዶክተርነቱ ከዚያ በኋላ፣ ያውም እንደገና አመልክቶ ከተቀበሉት ነው። ልጁ ቦታውን እፈልገዋለሁ ብሎ ዛሬ ካልመለሰ ለሌላ ይሰጥበታል፤ አባቱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ደግሞ አልመልስም ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሽማግሌ ይላካል፤ ተላከ። ችግሩ የተላከው ስዩም መሆኑ ነው።

[ንጋቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል። ስዩም ቆሟል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ንጋቱ፦ «ዶ/ር» አይባልም፣ «ዶክተር» ተብሎ ሙሉው ይጻፍ። ሰው የሚያሳጥረው የሚያፍርበትን ነገር ነው።

ስዩም፦ ኬኩ ትንሽ ነው እያልኩህ እኮ ነው።

ንጋቱ፦ ኬኩ ትንሽ ከሆነ ኬኩ ይደግ። ለእሁዱ ምስጋና ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይበላል። የነጭ ጋዋን ቅርጽ፣ ኪሱ ላይ «ዶክተር አሮን ንጋቱ»። አለቀ።

ስዩም፦ «አሮን» ብቻ ቢባልስ? ሁሉም ያውቀዋል።

ንጋቱ፦ «አሮን» ብቻማ የልደት ኬክ ነው። ሻማ ልጨምርበት?

ስዩም፦ እንግዲያው «ዶክተር» የሚለውን ለጊዜው ክፍት እንተውለት። በኋላ የሚሞላ።

ንጋቱ፦ [መነጽሩን ዝቅ አድርጎ] ስዩም፣ ኬክ ነው። የኢሚግሬሽን ፎርም መሰለህ?

[ስዩም በዚህ በር እንደማይገባ ገባው። አሮን «በሌላ ሰው አስመስለው ይጀምሩለት» ብሎ መክሮት ነበርና ጀመረ።]

ስዩም፦ ኦኬ፣ ኬኩን ተወው። አንድ ልጅ አለ።

ንጋቱ፦ ብዙ ልጅ አለ።

ስዩም፦ ይሄኛው ሐኪም መሆን ይፈልጋል። ባዮሎጂ ጨርሷል። ውጤቱ ክፉ አይደለም፣ ብቻ ሁለተኛ ዓመት ላይ ኬሚስትሪ ተንኮል ሠራበት። ሶ፣ በቀጥታ አልወሰዱትም። አንድ ዓመት የጤና ሳይንስ ማስተርስ ተማርና እንደገና አፕላይ አድርግ አሉት።

ንጋቱ፦ ማስተርስ።

ስዩም፦ አዎ።

ንጋቱ፦ ማስተርሱን ይዞ ሜዲካል ስኩል ስንተኛ ዓመት ይገባል?

ስዩም፦ አንደኛ ዓመት።

ንጋቱ፦ [እየሳቀ] ማስተርስ ይዞ አንደኛ ዓመት። ኮሎኔል ከሆነ በኋላ ምልምል ወታደር ይሆናል በለኛ። አገር ቤት ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቀጥ ብሎ ሕክምና ይገባል፤ ማስተርስ የሚያምረው ሐኪም ሆኖ ሲያበቃ ነው። ጣሪያ ከድኖ መሠረት የሚቆፍር ሰው ዛሬ ሰማሁ።

ስዩም፦ እዚህ አገር እኮ...

ንጋቱ፦ እዚህ አገር «አንፈልግህም» ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። እኛ ልጃችንን ሊጠይቅ የመጣን ሰው «ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም» እንደምንለው። ለመሆኑ አባቱ ምን አለ?

ስዩም፦ አባቱ አያውቅም።

ንጋቱ፦ እንዴት አያውቅም?

ስዩም፦ በቀጥታ የገባ መስሎት ላገር ምድሩ «ዶክተር» ብሎ አውርቷል።

ንጋቱ፦ ጅል ነዋ። አንድ ቤት እያደሩ፣ አንድ ማዕድ እየቆረሱ፣ የገዛ ልጁን ትምህርት የማያውቅ። በዚህ ከተማ ስንት የዋህ አለ።

ስዩም፦ [በቀስታ] አለ።

ንጋቱ፦ የማን ልጅ ነው?

ስዩም፦ የ... የአንድ ወዳጄ።

[ንጋቱ ስዩምን ከላይ እስከ ታች አየው። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል፣ የመኪና ቁልፉን ከእጅ እጅ ያቀያይራል። ንጋቱ ብልህ ሰው ነው፤ «የአንድ ወዳጄ» የሚል ሰው ስለ ራሱ ቤት እንደሚያወራ ያውቃል። ስዩም ደግሞ ኮሌጅ የገባች ማዕዶት የምትባል ልጅ አለችው።]

ንጋቱ፦ [ድምፁን አለስልሶ] ስዩሜ። ገባኝ።

ስዩም፦ ገባህ?

ንጋቱ፦ ከጅምሩ ነው የገባኝ። አትጨነቅ፣ በልጅ ነገር ማንም በማንም አይፈርድም።

ስዩም፦ አሁን ጅል ያልከው...

ንጋቱ፦ አሠራሩን ነው እንጂ አባቱን አይደለም። ደግሞም «ልጁ፣ ልጁ» አትበለኝ። እኔና አንተ ብቻ ነን። «ልጅቷ» በል።

ስዩም፦ ልጅቷ?

ንጋቱ፦ ልጅቷ።

[ስዩም ግራ ገባው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን በራለት። ሰውየው ኩሩ ነው። ስለ አሮን ፊት ለፊት ማውራት ቢከብደው ነገሩን በሴት አዞረው። ደግ፤ የሰውን ክብር መጠበቅ የሽማግሌ ሥራ ነው።]

ስዩም፦ እሺ፣ ልጅቷ። ልጅቷ በጣም ጨንቋታል። ከጭንቀቷ ብዛት ጢሟን መላጨት ትታለች።

ንጋቱ፦ [በአዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ] ጭንቀት ሆርሞን ያዛባል። አንብቤዋለሁ። እናቷስ?

ስዩም፦ እናቷ ታውቃለች። አባቷን ፈርታ ነው ዝም ያለችው።

ንጋቱ፦ [ስዩምን እያየ] አባቷ ደግሞ ምኑ ያስፈራል? በግ ነው።

ስዩም፦ አንተ ካልክ።

ንጋቱ፦ ስማኝ። ሾፌር ነህና በሙያህ ልንገርህ። ጎማህ ሳስቶ ፍሪዌይ ላይ ከሚፈነዳብህ፣ እዚሁ ሰፈር ቆመህ ቀይረህ ብትወጣ ውርደት ነው?

ስዩም፦ አይደለም። ግን ቅድም ጣሪያና መሠረት...

ንጋቱ፦ እሱ ለማላውቀው ሰው ነው። ክፍል የምትቀመጠው ከማን ጋር ነው?

ስዩም፦ ከአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ጋር። ፈተናውም ያው ነው።

ንጋቱ፦ አየህ። የእነሱን ፈተና ከሠራች ማን አትችይም ይላታል? የኬሚስትሪዋን ጉድ በዚህ ትሸፍነዋለች። ብልሃት ነው እንጂ ውድቀት አይደለም።

ስዩም፦ እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ላይ ካልሠራች የባሰ ነው። ብትሠራም ዋስትና የለውም፣ ላይቀበሏት ይችላሉ።

ንጋቱ፦ ዋስትና ያለው ማቀዝቀዣ ነው። ልጅ ዋስትና የለውም።

ስዩም፦ አባቷ ግን በሰው ፊት አንዴ ተናግሯል...

ንጋቱ፦ አባቷ ይዋጠው። አንድ ዓመት ነው። የልጁን ዕድል ለወሬው መያዣ የሚያደርግ ሰው፣ አባት ሳይሆን ሊሞውን የሚያስይዝ ቁማርተኛ ነው።

[ስዩም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሊሞው ከየት እንደመጣ አልገባውም፤ ሰው ራሱን እንዲህ ሲገሥጽ ግን በዕድሜው አይቶ አያውቅም።]

ስዩም፦ ንጋቱ፣ ትልቅ ሰው ነህ።

ንጋቱ፦ ይባላል።

ስዩም፦ መልሱን ዛሬ ካልላከች ቦታው ለሌላ ነው።

ንጋቱ፦ ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሃል? እሺ በላት።

ስዩም፦ ማን ፈቀደ ልበላት?

ንጋቱ፦ እኔ። «ንጋቱ እሺ ብሏል» በላት። ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

[ስዩም ስልኩን አውጥቶ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ ጻፈ። ላከ።]

ስዩም፦ እንግዲህ ኬኩስ?

ንጋቱ፦ ኬኩ ምን አገባው? ባለበት ይቀጥላል።

ስዩም፦ «ዶክተር» እንዳለ?

ንጋቱ፦ እንዳለ።

[ስዩም በእንዲህ ያለው እምነት ተደነቀ።]

ንጋቱ፦ አሁን የቀረው ያንተ ቤት ነው። ሮማንን እኔው ላጽናናት፣ አንተ ታበላሸዋለህ።

ስዩም፦ ሚስቴ ምን ሆነች?

[ንጋቱ ግን ደውሏል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።]

ንጋቱ፦ እኅት ሮማን፣ ንጋቱ ነኝ። ስዩም ሁሉንም ነገር ነግሮኛል።

ሮማን፦ [ከስልኩ ውስጥ] ነገረዎት? ታዲያ ደህና ነዎት?

ንጋቱ፦ እኔማ ምን እሆናለሁ። አንቺ ብቻ በርቺ። ማዕዶት አንድ ዓመት ማስተርስ ብትማር ሰማይ አይደፋም።

ሮማን፦ ማዕዶት? ማዕዶት እኮ አካውንቲንግ ነው የምትማረው፣ ጋሽ ንጋቱ። ደም ካየች ትወድቃለች።

ንጋቱ፦ ታዲያ ማስተርሱን የሚማረው ማን ነው?

ሮማን፦ አሮን ነዋ።

ንጋቱ፦ የትኛው አሮን?

ስዩም፦ ኬኩ ላይ ያለው።

[ንጋቱ ከወንበሩ ተነሣ፤ መሄጃ ስላልነበረው ተመልሶ ተቀመጠ።]

ንጋቱ፦ አንተ ሰውዬ፣ «ልጅቷ» አላልክም?

ስዩም፦ በል ብለኸኝ ነው እኮ።

ንጋቱ፦ እሺታዬን አንሥቻለሁ። ንገረው።

ስዩም፦ ሄዷል። [ስልኩን አዙሮ አሳየው።]

[የአሮን መልእክት ነው። «ጋሼ፣ አባዬ የምሩን እሺ አለ? አሁን ላክሁት። ሰው እንዳያየኝ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ድረስ ነድቼ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነው።» ንጋቱ አነበበው። መነጽሩን ጠረገና እንደገና አነበበው።]

ንጋቱ፦ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?

ስዩም፦ ጀምሮልህ ነበር እኮ።

[ውጭ አንድ መኪና ፓርኪንግ እየፈለገ ለሦስተኛ ጊዜ አለፈ።]

ንጋቱ፦ ይማር። ያልኩትን መልሼ አልውጥም፣ ይማር። [ወደ ስልኩ ዝቅ ብሎ] ብቻ፣ ሮማን፣ ይሄን ነገር ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?

ሮማን፦ ኧረ ማንም አያውቅም። የረቡዕ የጸሎት ቡድን ብቻ ነው።

ንጋቱ፦ የረቡዕን ቡድን የምመራው እኔ ነኝ።

ሮማን፦ አዎ፤ ለዚህ እኮ ነው ስም ሳንጠራ የጸለይነው። «ልቡ የደነደነ አንድ አባት አለ» የሚለው ርዕስ። ያመጡት ባለቤትዎ ናቸው፣ እትዬ እታለም።

ንጋቱ፦ ያ ሰውዬ...

ስዩም፦ አንተ ነህ።

ንጋቱ፦ እኔ እኮ ያንን ሰውዬ ሳላውቀው ጠልቼው ነበር።

ሮማን፦ አይተናል። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ግትር በገዛ አፉ ያዘው» ብለው ሲጮኹ፣ የጎረቤት ፈረንጅ መጥቶ በር አንኳኳ።

ንጋቱ፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] እናንተስ ያኔ ምን አላችሁ?

ሮማን፦ አሜን ነዋ፣ ጋሽ ንጋቱ።