በር የሌለው አራት ማዕዘን

እናንተዬ፣ ከሒሳብ መምህር ጋር ጎረቤት ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንጅባራ ላይ ሆኛለሁ። መምህር ይኸነው ባጃጅ ሲሳፈር «ቀጥ ብለህ ሂድና በዘጠና ዲግሪ ታጠፍ» ይላል። ሚስቱ «ድንች ልጨምርልህ?» ስትለው «ሙሉ ቁጥር ነው ወይስ ክፍልፋይ?» ብሎ ይጠይቃታል። እንዴት እንደቻለችው እግዜር ይወቅ!

አንድ ቀን ግቢውን በቀርከሃ ሊያሳጥር አያ ታደሰን ጠራ። አያ ታደሰ አጥር ሲያጥሩ ያረጁ ሰው ናቸው። መምህር ግን ወረቀት ዘርግቶ ያስተምራቸው ጀመር።

«ይህ አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያው ርዝመት ሲደመር ወርድ፣ ሲባዛ በሁለት ነው። ከዚህ ስንዝር እንዳያጎድሉ!»

«በሩስ በየት በኩል ይሁን?»

«መጀመሪያ ዙሪያውን ይጨርሱ፣ አያ!»

ጨረሱት። መምህር ውስጥ ሆኖ በሜትር ሲለካ፣ እሳቸው ከውጭ የመጨረሻዋን ቀርከሃ ሰኩ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ስንዝር አልጎደለም። ችግሩ፣ መምህር ፈተና የሚፈትንበት ትምህርት ቤት ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ሰዓቱም ደርሷል።

«በር ልክፈትልህ?» አሉት አያ ታደሰ።

«ዙሪያው ሊጎድል ነው እኮ!»

ምን ይደረጋል? እኔ ከግቢዬ መሰላል አቀበልኩት። ተሻገረ፤ ሱሪው ግን አጥሩ ላይ ለሁለት እኩል ተካፈለ።

በማግስቱ በሩን አስከፈተ፤ የተማረ ግን አልመሰለኝም ነበር። ልጄ የእሱ ተማሪ ናት፤ ትናንት የሒሳብ ደብተሯን ብገልጥ፣ የሣለቻቸው አራት ማዕዘኖች ሁሉ አንድ ጎናቸው ላይ ክፍተት አላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«በሩ ነዋ፣ አባዬ! ያለ በር ከሣልን መምህር ኤክስ ያደርጉብናል።»