ቀዝቃዛ ሻይ የማያስችላቸው

ሻይ ቀዝቅዞ ሲያዩ የሚጨንቃቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ለእኔ አንዷ ከሚስቴ ጋር እንደ ምርቃት ደርሳኛለች፤ አማቴ ናቸው።

በዚህ በሀዋሳ ሙቀት ቤተሰቤ በረድ ይበልለት ብዬ በገዛ እጄ ሻይ አፈላሁ፤ ሎሚ ጨምቄበት ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ምን ዋጋ አለው! መብራት እንኳ የራራለትን ሻይ አማቴ አልራሩለትም። በማግስቱ ቀትር ላይ ከነበረዶው ሳቀርበው ብርጭቆውን ነክተው ደነገጡ።

«ውይ ልጄ! ሚስትህ ሻዩን እንዲህ አቀዝቅዛብህ ዝም ትላለህ?»

«እማማ፣ እኔው ነኝ ሆን ብዬ ያቀዘቀዝኩት።»

«ለልጄ ብለህ አትዋሽ! እኔው ነኝ ያላስተማርኳት» አሉና የሁላችንንም ብርጭቆ ሰብስበው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሚስቴ በዓይኗ በላችኝ።

ሻዩ እየተፍለቀለቀ ተመለሰ። በላብ ተጠምቀን እፍ እያልን ጠጣነው። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ ዞር አሉና፣

«ምነው ልጄ፣ ቤታችሁ ቀዝቃዛ ነገር የለም እንዴ?» አሉኝ።