የልምምዱ ንጉሥና የእኔ ሐሞት ከረጢት

በልምምድ ላይ ተሸንፎ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። እሑድ ጠዋት ግብ ጠባቂው ሳይመጣ ኳሷን ከመረብ የሚያሳርፋት እሱ ነው። ለሠርግ ያዘጋጀውን ንግግር ሳሎን ውስጥ ሲሞክር ሰው ያስለቅሳል፤ ማይክ የጨበጠ ዕለት የሙሽራው ስም ይጠፋዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቢያሰለች እንጂ አይጎዳም። የእኛ ሰፈሩ ግን ቀዶ ሐኪም ሊሆን እየሠለጠነ ነው።

ክቡር ዶክተር ሊውል ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከእኔ አፓርታማ ፊት ለፊት፣ ከእናቱ ከወይዘሮ ብርቅታይት ጋር ይኖራል። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ቬጋስ አደገ፣ ሕክምና ተማረ፣ አሁን በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው። ሬዚደንት ማለት ሐኪም ሆኖ ሳለ ብቻውን የማይታመን ሰው ነው። ትርጉሙ የእኔ ነው፤ እሱ አይቀበለውም።

ሆስፒታሉ ሬዚደንቶቹን በሮቦት መቅደድ ያስተምራል። ሮቦቱ በራሱ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ በእጁና በእግሩ የሚያዛቸው ቀጫጭን የብረት ክንዶች ናቸው። ልጆቹ ሰው ላይ ከመድረሳቸው በፊት በሲሙሌተር ይለማመዳሉ። ፊታቸውን መመልከቻው ውስጥ ቀብረው፣ ጣቶቻቸውን መያዣው ውስጥ ከትተው፣ በሌለ ሆድ ውስጥ የሌለ ቁስል በሌለ መርፌ ይሰፋሉ። ሲጨርሱ ማሽኑ ነጥብ ይሰጣቸዋል። እጁ የተንከራተተ ይቀነስበታል፤ የዘገየም ይቀነስበታል። የሁሉም ነጥብ በተርታ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። አንደኛው ማን እንደሆነ ሆስፒታሉን ጠይቄ አላውቅም። ሊውል ጊዜ አልሰጠኝም።

«ጋሼ፣ ስኮሬን አይተዋል?» ይለኛል ፓርኪንግ ላይ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ።

«ትናንት አሳይተኸኛል።»

«ያ እኮ የትናንቱ ነው!»

የጎረቤታችን የነቢል ልጅ ልደት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከትሪው ሥጋ ልቆርስ እጄን ስዘረጋ ትክ ብሎ ያየኛል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ብዙ ተጓዘ። ቀጥታ ወደ ሥጋው ቢሄዱ ሁለት ሙቭመንት ሴቭ ያደርጉ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ ጋሽ ወልዴ ይብሉበት!» አለ ነቢል።

ኬኩ ሲቆረጥ ደግሞ ክቡርነታቸው ዶክተር ሊውል ከንፈራቸውን መጠጡ። «ቲሹ ዳሜጅ» ሲሉ ሰማናቸው፤ ሥጋው ተጎዳ ማለታቸው ነው። ነቢል ቢላዋውን አቀበላቸው። «እንግዲያው ሻምፒዮኑ ይቁረጠው!» ክቡርነታቸው ኬኩን ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ ቆረጡ። የልጁ ስም የተጻፈበት ግማሽ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ።

«ሲሙሌተሩ ላይ ግራቪቲው እንዲህ አይደለም» አሉ ክቡርነታቸው።

ሊውል ናኦሚ የምትባል ሬዚደንት ባልደረባ አለችው። አይቻት አላውቅም፤ ግን ከሐሜቱ ብዛት የሥጋ ዘመዴ መስላለች።

«መሃል ላይ ትቆማለች፣ ጋሼ! መርፌውን ይዛ ቀጥ ትላለች። ታስባለች!» ማሰቧን እንደ ሌብነት ነው የሚያወራው። «ሰዓቱ እየቆጠረ እኮ ነው። ለዚህ ነው ሁሌ ከታች የምትሆነው። እኔ አልቆምም። ኔቨር።»

«ልጄ አይቆምም» ትላለች ወይዘሮ ብርቅታይት፣ ከኩሽና። ከዚያ በኋላ በየግሮሰሪው «ልጄ አይቆምም» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ሰዎች ስለ መኪና ፍሬን የምታወራ እየመሰላቸው ያዝኑላታል።

ባለፈው በጋ፣ ምሳ በልቼ ሳልነሳ፣ የቀኝ ጎኔ ሕመም ወለል ላይ አጠፈኝ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ወይዘሮ ብርቅታይት ስደውልላት ከሥራ ሺፍቷ ቀርታ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰችኝ። የሐሞት ከረጢቴ በጠጠር ተሞልቶ ቆስሏል፣ መውጣት አለበት ተባለ። አሠልጣኙ ቀዶ ሐኪም፣ ረጋ ያሉ ሽበታም አሜሪካዊ፣ በሮቦት እንደሚሠራ ነገሩኝ። ከሬዚደንቶቼ አንዱ ይጀምረዋል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እከታተላለሁ፣ ፈቃድህ ነው ወይ አሉኝ።

መጋረጃው ተገለጠ። ገምታችኋል።

ሊውል ራሱ ደነገጠ። «ጋሼ፣ እኔ እንድሠራዎት ካልፈለጉ ይንገሩኝ፤ ምንም አይደለም። ናኦሚም ዛሬ አለች።»

ናኦሚ! ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን ራስጌዬ ወይዘሮ ብርቅታይት ቆማለች፤ በአንድ እጇ ቦርሳዬን፣ በሌላው ጫማዬን ይዛለች። ከሥራ የቀረችው ለእኔ ነው። ዓይኗ ልጇ ላይ ነው። የሌላ አገር ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ አልፈልግም ይልና ነፍሱን ያተርፋል። ለእኔ ግን እናቱ ጫማዬን ይዛ ቆማ ልጇን አልፈልግም የምልበትን አንደበት ማን ፈጠረልኝ?

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት። «ከአንተ ሌላ ማን ይነካኛል?»

በይሉኝታ ዕቁብ የገባ ሰው አውቃለሁ። በይሉኝታ ያገባም አውቃለሁ። በይሉኝታ ሆዱን የሰጠ ግን ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ማደንዘዣው እስኪወስደኝ ድረስ ከዓይኔ ያልጠፋው ያ ኬክ ነው።

ስነቃ ሊውል አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ስልክ አልያዘም። ያኔ ነው የፈራሁት።

«እንዴት ሆነ?» አለች እናቱ።

«ደህና ናቸው። ግን እኔ አልጨረስኩትም።»

«ምን ማለት ነው አልጨረስኩትም?»

«ቆምኩ፣ ማሚ።»

ወይዘሮ ብርቅታይት ጫማዬን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ለምን ትቆማለህ? ያን ሁሉ ነጥብ ይዘህ?»

«ሁሉ ነገር ተጣብቆ ነበር። የሚቆረጠውን ቧንቧ ያገኘሁት መሰለኝ። ልቆርጠው ነበር።» እጆቹን አያቸው። «እርግጠኛ አልነበርኩም። እጄን አነሳሁና አላወቅኩትም አልኩ። ሁሉም ሰምተውኛል። ከዚያ አሠልጣኙ ተረከቡኝ።»

ሲወጣ አሠልጣኙ ገቡ። ሊቆርጠው የነበረው ቧንቧ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የማይቆረጠው» አሉ በእርጋታ። «ቢቆረጥ ኖሮ እኔና አንተ ለብዙ ወራት እንተዋወቅ ነበር።»

«እርስዎ አጠገቡ አልነበሩም?»

«ነበርኩ። ግን ከእኔ ቀድሞ ነው የቆመው።»

«ሲሙሌተሩ ላይ ቢሆንስ? እንዲያ በመቆሙ?»

ሳቁ። «ይቀነስበት ነበር።»

ማታ ሺፍቱ ሲያልቅ ሊውል ተመልሶ መጣ። ወንበሩን ወደ አልጋዬ ስቦ ተቀመጠ።

«ናኦሚ ብትሆን ከእኔ ቀድማ ትቆም ነበር» አለ።

ይህ ልጅ ከራሱ በላይ ሰው ሲያስቀምጥ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ማደንዘዣው ገና ያልለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። «ውኃ ስጠኝ» አልኩት። ሰጠኝ። ግማሹን አንገቴ ላይ ደፋው።

ትሕትናው አንድ ሳምንት ቆየች። ከሆስፒታል ወጥቼ ቀስ እያልኩ ስራመድ ፓርኪንግ ላይ ስልኩን መዘዘ።

«ጋሼ፣ ስኮሬን አይተዋል?»

አየሁት። ወደ ሁለተኛ ወርዷል። አንደኛው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አንድ አዲስ ልጅ ነው። በጣም ፈጣን ነው።» ስልኩን ኪሱ ከተተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሃል ላይ አይቆምም፣ ጋሼ።» የሰው በሽታ እንደሚነግረኝ ሰው ነው የነገረኝ።

እኔም አልዳንኩም። ነቢል ቤት በተሰበሰብን ቁጥር፣ ትሪው ገና ሳይነሳ፣ ሸሚዜን ገልጬ ትንንሾቹን ጠባሳዎች በተርታ አሳያለሁ።

«ኧረ ጋሽ ወልዴ፣ ሰው እየበላ ነው!» ይላል ነቢል።

«ቆይ» እላለሁ፣ ሸሚዜን ከፍ እያደረግኩ። «የልጁን ስኮር አይታችኋል?»