የዲስኩ ክብርና የቡ ጊያርሲ ሙዝ

የሕሙማን ምስጢር ክቡር ነው። በሰሜን ጃቫ፣ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ባሕሩ እስከ ደጃፉ እየመጣ የሚጎበኘው ያ ትንሽ ክሊኒክ ይህን እውነት ከማንም በላይ ተረድቶት ነበር። ስለዚህም ኃላፊው ዶክተር ፕራናታ አምና ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፉ፤ የሕሙማን ካርድ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ መጠባበቂያ ቅጂው በዲስክ ይያዛል፤ ዲስኩም ባለ ሦስት ቁልፍ የብረት ካዝና ውስጥ ያርፋል። የወረቀት ካርዶቹ በክብር ተሸኝተው ለቆራሌው ተሰጡ።

ምርቃቱ ደማቅ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፤ በአገሩ ወግ እንደ ተራራ የተቆለለ ቢጫ ሩዝ ተቆረሰ። ዶክተሩ ዲስኩን ለነርስ ቱሚናህ አስረከቡ፤ ፎቶው ላይ ዓይናቸው ተጨፍኖ ስለወጣ ተቀብለው እንደገና አስረከቡ። ጤና ቢሮው ፎቶ የሌለውን ሥራ እንዳልተሠራ ስለሚቆጥር፣ ዲስኩ በየሳምንቱ ካዝና ሲገባ ፎቶ ይነሳል። ፎቶውም እንዳይጠፋ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል።

"ዶክተር፣ ዲስኩ ሞላ" አለች ቱሚናህ አንድ ቀን።

"እሰይ! ሥራ መሠራቱ በምን ይታወቃል ታዲያ?"

"ካርዶቹ እኮ ገና..."

"ቱሚናህ፣ ቀና በይ፤ ፎቶ እየተነሳን ነው።"

አንድ ማለዳ ባሕሩ ደጃፍ ላይ መቆም ሰልችቶት ዘው አለ። ኮምፒውተሩ ከነምስጢሩ ሰጠመ፤ ምስጢር መጠበቅ ማለት እንዲህ ነው። በዚያው ሰዓት አገሬው አባባ ለማለት ፓክ የሚላቸው የፔዳል ጋሪ ነጂው አዛውንት ፓክ ዋጊሞ፣ ሚስማር የወጋው እግራቸው እንደ ዱባ አብጦ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ በጎረቤታቸው ጀርባ ታዝለው መጡ።

"ፓክ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?" አለች ቱሚናህ፣ መርፌዋን እንደያዘች።

"አለ እንጂ! ያኔ ጉሮሮዬን ዘግቶ ሊገድለኝ አልነበር? ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽው?"

"ስሙ ማን ነበር?"

"ነጩ ነዋ።"

"ሁሉም ነጭ ነው እኮ ፓክ!"

"በጣም ነጩ።"

ቱሚናህ መርፌውን አስቀመጠች። ብትወጋቸው ሊሞቱ ነው፤ ባትወጋቸውም እግሩ ይገድላቸዋል።

ዶክተሩ ካዝናውን በሦስቱም ቁልፎች ከፈቱ። ዲስኩ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ አንዳች ያልጎደለው ነበር፤ በዶክተሩ የግል ላፕቶፕ ሲከፈት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ፎቶ። ዶክተሩ ሪባን ሲቆርጡ። ዶክተሩ ሩዝ ሲቆርሱ። ዶክተሩ ዲስክ ሲያስረክቡ፣ ሲረከቡ።

"ጥራቱ ግን!" አሉ ዶክተሩ።

ፓክ ዋጊሞን ያዘላቸው ጎረቤት ቁርስ ሳይቀምስ ስለወጣ ጥግ ላይ ቆሞ የተጠበሰ ሙዝ ያላምጣል። ዶክተሩ ዘይት የልብ ጠላት ነው ብለው ሠራተኛውን ከሙዝ ስለከለከሉ፣ ቱሚናህ የሙዝ መጠቅለያ በቅርብ ካየች ዓመት ሆኗታል። አሁን አየች። ከዘይቱ ሥር የራሷ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ የገበያው ሹም ኪንታሮት፣ ከነሙሉ ታሪኩ።

ጉልበቷ ድረስ በውሃ እየተንቦራጨቀች ከበሩ ማዶ ከፍ ብላ ወደምትገኘው የሙዝ ጠባሿ የቡ ጊያርሲ፣ የእማማ ጊያርሲ፣ መጥበሻ ሮጠች።

"ቡ! ይህን ወረቀት ከየት አመጡት?"

"ከቆራሌው ነዋ። የማንን ፈለግሽ? በፊደል ተራ ደርድሬዋለሁ። በኢማሙ ብቻ አልጠቀልልም፤ ነውር ነው።"

"የፓክ ዋጊሞን!"

"ፔኒሲሊን" አሉ ቡ ጊያርሲ ሙዛቸውን እየገለበጡ። "እንዳትሰጪው ልጄ፣ ጉሮሮው ይዘጋል። በቀይ ነው የጻፍሽው። ጽሑፍሽ ደግሞ እንዴት ያስጠላል! ይኸውልሽ፣ ተራው ገና አልደረሰም ነበር።"

ቱሚናህ አስቀምጣው የመጣችው መርፌ ፔኒሲሊን ነበር።

ፓክ ዋጊሞ በሌላ መድኃኒት ዳኑ። ዶክተሩም ለቢሮው ጻፉ፦ "ክሊኒኩ አርቆ በማሰብ ሁለተኛ ቅጂ ከግቢው ውጭ፣ ከውሃው ወለል በላይ፣ በታመነ እጅ እንዲቀመጥ ማድረጉ ፍሬ አፍርቷል።" መጥበሻው ፊት ሪባን ተቆረጠ።

ቱሚናህ ግን የተረፉትን ካርዶች ለማስመለስ ሄደች።

"ታዲያ ሙዜን በምን ልጠቅልል?" አሉ ቡ ጊያርሲ።

ቱሚናህ መጋዘኑን አሰበች። የዓመቱ ሪፖርት፣ በሁለት ሁለት ቅጂ፣ ከነፎቶው ታትሞ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ኪሎ በኪሎ ተለዋወጡ።

በማግሥቱ ዶክተር ፕራናታ የልብ ጠላት የተባለውን ሙዝ በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ገቡ። ከመጠቅለያው ላይ መቀስ የያዙ፣ ፊታቸው በዘይት የወዛ ሰው ይስቁባቸዋል።

"ቱሚናህ! ይሄ እኮ እኔ ነኝ! ሪፖርታችን አለቀ!"

"ኧረ አይደንግጡ ዶክተር" አለች ቱሚናህ፣ ከካርዶቹ ላይ ዘይት እየጠረገች። "ቅጂው ዲስኩ ላይ አለ። ካዝና ውስጥ። በሦስት ቁልፍ።"