ቆይ፣ ላቁመው

በየዘመድ አዝማዱ ሐኪም ለመሆን የሚማር አንድ ልጅ አይጠፋም። እሱ ካለ ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚዳሰስና የሚደቆስ አንድ ምስኪን ዘመድ የግድ ነው። በእኛ ቤት ተማሪዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ምስኪኑ እኔ ነኝ።

እኔ የምጠራት "ክብርት ዶክተር ቆይ-ላቁመው" ብዬ ነው። ዶክተርነቱ ገና ነው፤ ቆይ-ላቁመውን ግን በወዟ በላቧ አግኝታዋለች። ሆስፒታል ውስጥ አንዱን የበሽተኛ አልጋ የተማሪ መንጋ ስለሚከበው፣ ክብርትነቷ በዚያ አጭር ቁመቷ የምታየው የፊተኞቹን ጀርባ ብቻ ነበር። አስተማሪዎቹ መላ ሲያጡ ምርመራውን በቪዲዮ ቀርጸው ሰጧቸው። "ቤታችሁ እያያችሁ ተለማመዱ" አሏቸው። በማን ገላ ላይ እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ስልኳን ትራስ ላይ ታስደግፍና በዚያ በረዶ እጇ ሆዴን ትጫነዋለች። ቪዲዮው ውስጥ የተጋደመው ሰውዬ ፈገግ ይላል፤ እኔ እጮኻለሁ።

"ሰውዬው እኮ ምንም አላለም፣ ጋሼ!"

"እሱን ማን ነካው? ያለው ስልክ ውስጥ!"

አንድ ቀን ጉበቴን በግራ በኩል ስትፈልግ ዋለች። ጉበት ያለው በቀኝ ነው፤ የቪዲዮው ሰውዬ ፊት ለፊቷ ስለሚታይ ግራና ቀኙ ዞሮባት ነው። ስታጣው ፊቷ አመድ መሰለ፤ እኔማ ኑዛዜዬን ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ልብ ማዳመጡ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ሐኪምነቷ ሲመጣባት አንቱ እሆናለሁ። "አባት፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። ትንፋሽዎን አውጥተው ይያዙ።" እይዛለሁ። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ ትለጥፍና ቦታው ያጠራጥራታል። "ቆይ፣ ላቁመው!" ቪዲዮውን ታቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ እንደገና ታያለች። እኔ አሁንም እንደያዝኩ ነኝ።

ይህ ሁሉ ቀልድ መሆኑ ያበቃው የተግባር ፈተናውን የወደቀች ዕለት ነው። እውነተኛ በሽተኛ ፊት ስትቆም እጇ ስልኳን ፍለጋ ሄደ፤ የሚቆም ነገር የለም፣ ደርቃ ቀረች። የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነበር፤ እሱም ካመለጣት ዓመቱን ልትደግም ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ሳያት አንጀቴን በላችው። ሸሚዜን ፈታሁና ተጋደምኩ።

"ስሚ ልጄ፣ ቪዲዮ ይቆማል፤ ሰው አይቆምም። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ትንፋሽ ስይዝ አንቺም ትይዣለሽ።"

ሳቀች፤ ግን ያዘች። ብዙም ሳትቆይ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። "ይተንፍሱ፣ ይተንፍሱ!" አለች። በዚያ ሶፋ ላይ እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ አያውቅም።

የፈተናው ዕለት ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወለችልኝ። የደረሷት በሽተኛ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አሮጊት ነበሩ። "'እማማ፣ ትንሽ ይያዙልኝ' አልኳቸው፤ እኔም ያዝኩ። እኔን ጭንቅ ሲለኝ 'በቃ፣ ይተንፍሱ' አልኩና ጀርባቸውን ደገፍኩ። ፈታኙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ሌሎቹ በሽተኛዋን ረስተዋት ነበር፤ አንቺ ይህን የትኛው ቪዲዮ ላይ አየሽው?' አለኝ። 'ቪዲዮ ላይ አይደለም፣ አጎቴ ላይ ነው' አልኩት።"

"እና...?"

"አለፍኩ!"

ከደስታዬ ብዛት ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ስልኩን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ዝምታዬ ሲረዝምባት የክብርት ዶክተር ድምጽ መጣ፦

"አባት፣ ይተንፍሱ እንጂ!"