የመስቀሉ ቅቤና ሦስቱ መብራቶቼ

ሰው መብራት ሲገዛ የሚያየው ብርሃኑን ነው። ሱቅ ገብቶ ያበራዋል፣ ግድግዳው ላይ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን መብራት የምመርጠው ሲጠፋ ምን እንደማደርግ አስቤ ነው። ይህን ስል ሰዎች ፈሪ ይሉኛል። ይበሉ። እዚህ ዕድሜ የደረስኩት በጀግንነት አይደለም።

ዋሻ ለሚገባ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ብቻህን አትግባ። የት እንደገባህና መቼ እንደምትወጣ ውጭ ለሚቀር ሰው ንገር። ሦስት መብራት ያዝ፤ ሦስቱም በተለያየ ነገር የሚበሩ ይሁኑ። እዚያ የሚኖረውን አትረብሽ፣ የጣልከውንም ለቅመህ ውጣ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከጭንቀቴ ያገኘሁት ነው። ዋሻ በገባሁበት ቀን ሁሉንም ፈጽሜአለሁ። የደረሰብኝም የደረሰብኝ ሁሉንም ስለፈጸምኩ ነው።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። በእኛ በሶዶ በኩል፣ ከጥያ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ወታደሮች ይመላለሱ ነበር፤ ባለፉበት መንደር በማግስቱ ዶሮ ሲጮኽ አይሰማም፣ ቅቤም አያድርም። የአገራችን ሴቶች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ እያዋጡ ለመስቀል የሚያጠራቅሙበት ማኅበር አላቸው። ይህን ቅቤ ወንድ አይነካውም፣ የት እንደተቀመጠም አይጠይቅም። የሚያየው መስቀል ደርሶ ክትፎው ላይ ሲፈስ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ በእግሩ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ እኛ ናፍቀነው ይመስላችኋል?

በዚያ ክረምት ሴቶቹ ቅቤውን በማሰሮ አድርገው ከመንደራችን በላይ ካለው ዋሻ ደበቁት። የደበቁት ባለቤቴ አስካለና የማኅበሩ አለቃ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። መስቀል ሊደርስ ሲል አስካለ ወለደች፣ እማማ ጥሩነሽን ደግሞ ጉልበታቸው ያዛቸው። ሌላ መንገዱን የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ የመንደሩ መስቀል በእኔ እጅ ወደቀ። አስካለ ከተኛችበት ሆና መንገዱን ነገረችኝ፤ የተኛች ላም የሚመስል ድንጋይ ስታገኝ በግራ እለፍ፣ በቀኝ ከሄድክ ስትዞር ትውላለህ አለችኝ። ማሰሮውንም እንደ ልጅህ አድርገህ ያዘው አለች። ልጁን ግን እስከዚያ ቀን አላስያዘችኝም ነበር፤ ተጨንቀህ ትጥለዋለህ ብላ።

መብራት ፍለጋ ቡታጅራ ወረድኩ። ወዳጄ ሸምሱ እዚያ ጨው፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። አሰላሙ አለይኩም ብሎ ተቀበለኝና ጉዳዬን ስነግረው አንድ ፋኖስ አወጣልኝ። ፋኖሱ ቢሰበርስ አልኩት። ችቦ ያዝ አለኝ። ችቦው አልቆ ቢጠፋስ አልኩት። ሸምሱ አየት አደረገኝና፣ አያ ወልዴ፣ የምትሄደው ቅቤ ልታወጣ ነው ወይስ ፀሐይን ልትተካ አለኝ። በመጨረሻ ከአንድ ወታደር በጨው የለወጠውን የእጅ ባትሪ ከነአዲስ ድንጋዩ አወጣ። ብቻህን ከገባህ ወላሂ በሐሳብ ብቻ ትሞታለህ ብሎም አብሮኝ ሊገባ ተስማማ።

ባትሪውን ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ይሠራል። ራት በልቼ እንደገና ሞከርኩት፤ ይሠራል። ሲነጋ፣ ተኝቼ ሳለ ተበላሽቶ ቢሆንስ ብዬ ሞከርኩት። በመንገድ ላይ ደግሞ በፀሐይ መብራቱ አልታይ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ሞከርኩት። እንዴት ያለ አስተማማኝ ዕቃ ነበር፤ በሞከርኩት ቁጥር ይሠራል።

ከመሄዳችን በፊት እማማ ጥሩነሽን፣ ከብቶቹ ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱ ካልወጣን ሰው ይዘው ይምጡ አልኳቸው። ሰው ለቅቤ ሲሄድ ይናዘዛል እንዴ አሉኝ፤ ግን እሺ አሉ።

በዋሻው አፍ ሸምሱ ችቦውን ለኮሰ። ጭሱ ከእኛ ቀድሞ ገባ፤ የሌሊት ወፎችም በራሳችን ላይ እየተገፋፉ ወጡ። እነሱ ጣሊያን ሳይመጣ ጀምሮ እዚያ ይኖራሉ፤ ሰው ቤት ገብቶ ማጨስ ነውር ነው ብዬ ችቦውን አስጠፍቼ እዚያው ደጅ አስቀረሁት። ፋኖሱን አብርተን ገባን። እኔ ከፊት ሆኜ፣ ስንመለስ መንገዱ እንዳይጠፋን በየመታጠፊያው ከደረቅ የእንሰት ቅጠል የቀደድኩትን ቁራጭ አኖር ነበር፤ ስንወጣ እየለቀምን ልንወጣ። ሸምሱ ከኋላዬ ዝም ብሎ ይከተላል።

ማሰሮው አስካለ ባለችው ቦታ ቁጭ ብሏል። እንደ ልጄ ታቀፍኩት። ሸምሱ ፋኖሱን ይዞ ቀደመኝ፤ እኔም ከኋላው ጣራውን ተጠንቀቅ፣ እግርህን ተመልከት፣ ፋኖሱን አታወዛውዘው እለው ጀመር። ሸምሱ መልስ ሊሰጠኝ ዞር ሲል ፋኖሱ ከዓለቱ ጋር ተላተመ። ብርጭቆው ረገፈ፣ ላምባው ፈሰሰ። ግድ የለም ብዬ፣ ትንሽም ኮራ ብዬ፣ ባትሪውን አወጣሁ። ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም ቀላ፤ ከዚያ ያም ጠፋ። ሸምሱ በጨለማው ውስጥ፣ ድንጋዩ አዲስ አልነበረም እንዴ፣ ምን አደረግኸው አለኝ። ሞከርኩት አልኩት።

እንደዚያ ያለ ጨለማ ከዋሻ ውጭ የለም። ዓይን መግለጥና መጨፈን አንድ ይሆናል። አይዞን፣ ያኖርኳቸውን ቅጠሎች እየዳሰስን እንወጣለን አልኩ። ሸምሱ ኪሱን ዳበሰ። ቀጥሎም፣ እነዚያ ሆን ብለህ የጣልካቸው ናቸው እንዴ አለኝ። ባንዳ ተከትሎን እንዳይገባ ብሎ አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከቷቸዋል። በጥንቃቄ የሚበልጠኝ ሰው ያጋጠመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ክብሪት ሸምሱ ይዟል፤ ክብሪት ግን ተጭሮ ወዲያው ያልቃል። በመካከላችን የቀረው የሚነድ ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል፤ ስሙን ቀድሞ ለመጥራት የደፈረ ግን የለም። በመጨረሻ ሸምሱ፣ በዓሉ የእናንተ ስለሆነ እኔ አልናገርም፣ አንተው ወስን አለኝ። አስካለ ታየችኝ፤ ገና ያልታቀፍኩት ልጅም ታየኝ። የማሰሮውን ክዳን ገልብጬ ቅቤ ጨመርኩበት፣ ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ክር ጠመዘዝኩ። አንድ ክር ይበቃል አለ ሸምሱ። ቢጠፋስ? ሦስት አደረግሁት።

ላሚቱ ድንጋይ ዘንድ ስንደርስ አስካለ እንዳለችው በግራ አለፍን። ብዙ ሄድን፣ ቅቤ ጨመርን፣ ተደናቅፌ ደፋሁት፣ እንደገና ጨመርን። መልሰን ላሚቱ ዘንድ ደረስን። በግራ ያለችኝ ስገባ እንደሆነ፣ ስወጣ ግን ግራው ቀኝ እንደሚሆን የገባኝ ያኔ ነው።

ወደ አፉ ስንቃረብ የሴቶች ድምፅ ሰማን። ከብቶቹ ውሃ ጠጥተው ተመልሰው ነበርና እማማ ጥሩነሽ ባሳሰብኳቸው መሠረት ማኅበሩን በሙሉ አስከትለው፣ በምርኩዝ እያነከሱ መጥተዋል። ባልነግራቸው ኖሮ ማን ያየን ነበር? እኛን ከማየታቸው በፊት የነደደው ቅቤ ሽታ ደርሷቸዋል። ከግማሽ በታች የወረደ ማሰሮ በብብቴ ይዤ፣ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ክር እያነደድኩ ወጣሁ። እማማ ጥሩነሽ ማሰሮው ውስጥ ተመለከቱ፣ ከዚያ ሦስቱን ክር ተመለከቱ። ጣሊያን ወስዶት ቢሆን ይሻለን ነበር አሉ፤ እሱን እንረግመዋለን፣ አንተን ግን እንዳንረግም ቤትህ አራስ አለች።

ስላልረገሙኝ ሌላ ቅጣት አገኙልኝ። በዚያ መስቀል የተረፈውን ቅቤ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ አብቃቁት፤ እኔ በገባሁበት ቤት ሁሉ ግን ክትፎዬ ደረቁን ቀረበልኝ። አንተ ድርሻህን አንድደሃል እያሉ።

ጣሊያን ከአገር ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው። እማማ ጥሩነሽም አርፈዋል። ያ ያልታቀፍኩት ልጅ ዛሬ የራሱን ልጆች ድሯል፤ በየመስቀሉም ቤቱ ይጠራኛል፤ ክትፎውን ደረቁን ያቀርብልኛል።